የራሱን ሸክላ የሚያሳትም ባንድ፦ በዘ ኤክስ ዙሪያ የተነሳው ክርክር

አንድ የኢንተርኔት የሙዚቃ መድረክ ላይ ሰሞኑን የተከፈተ ክር፣ ማለትም የጥያቄና መልስ ውይይት፣ አለ። መልሱ ሠላሳ ደርሷል፤ ገና አልተዘጋም። ክሩ ረጅም ነው፤ ጥሩ ጥሩው ነገርም መሃል ላይ ተቀብሮ ቀርቷል። ስለዚህ ላላነበባችሁት በራሴ አነጋገር ላውጋችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ክሩን የከፈተው ልጅ አዲስ አበባ ውስጥ ጊታር ይጫወታል። ከጓደኞቹ ጋር የሮክ ባንድ አላቸው። ነገሩ የተነሳው ከሳክስፎኒስቱ ከጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ነው። ልጁ ጋሽ ጌታቸው ከሆላንዱ ባንድ ከዘ ኤክስ ጋር የሠሩትን ሞዓ አንበሳን ይሰማና አሳታሚው ማን እንደሆነ ይፈልጋል። ትልቅ ኩባንያ ሲጠብቅ የባንዱን ጊታሪስት ያገኛል። ታሪካቸውን ሲያገላብጥ ደግሞ ከ1979 ጀምሮ ያሉ፣ ሥራቸውን ራሳቸው የሚያሳትሙ፣ ጉዟቸውንም ራሳቸው የሚያዘጋጁ ሰዎች ሆነው አገኛቸው። ጥያቄው ታዲያ ይህ ነው፦ አንድ ባንድ ያለ ሙዚቃ ቤትና ያለ ስፖንሰር ይህን ያህል ዘመን በምን ቆመ? እኛስ ምን ያንሰናል? ከዚያ አንድ ነገር ጨመረ። ዘ ኤክስ ሥራውን ለሌላ አሳታሚ ሰጥቶ አያውቅም አለ። ክርክሩን የለኮሰችው ይቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት።

1ኛው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። አምስተርዳም ብዙ ዘመን ኖሯል። ጠያቂውን አመስግኖ መነሻውን ነገረው። ባንዱ የወጣው ከአምስተርዳምና እዚያው አቅራቢያ ካለችው ዎርመር ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ባዶ ቤት ይዘው ከሚኖሩ የፓንክ ወጣቶች መሃል ነው የተፈጠሩት። ስሙን የመረጡትም ግድግዳ ላይ በስፕሬይ ቶሎ ስለሚጻፍ ነው። ጂ ደብሊው ሶክ ይዘፍናል፣ ቴሪ ሄሰልስ ጊታር ይመታል። ካተሪና ቦርነፌልድ በ1984 ድራሙን ያዘች። አንዲ ሙር ጊታሩን ይዞ ኋላ ላይ ተቀላቀለ። 2ኛው መልስ አጭር ነው። በ2016 ላረፉት ለጋሽ ጌታቸው ነፍስ ይማር ይላል።

3ኛው መላሽ እርማት ይዞ መጣ። የባንዱ አንዳንድ የመጀመሪያ ሸክላዎች በራሳቸው አሳታሚ ስም አልወጡም። በ1980 የወጣው የበኩር አልበማቸውም እንደዚያው። የራሳቸው አሳታሚ ኤክስ ሬከርድስ ይባላል። ደግሞም ከ1998 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ አልበሞቻቸውን ያወጣው የቺካጎው አሳታሚ ታች ኤንድ ጎ ነበር። ከእነዚያ የመጀመሪያውን የቀዳው ስቲቭ አልቢኒ ነው። መላሹ ቃሉ ከረር ያለ ነው፤ ሳያጣሩ መጻፍ ልማድ ሆኗል ብሎ ልጁን ገሥጾታል። ያን ያህል ግሣጼ የሚያስፈልገው አልነበረም። ነጥቡ ግን ትክክል ነው፤ እኔም ከክሩ ሁሉ ይህን ነው ያዝ ያደረግኩት። የራስ አሳታሚ መያዝ ከሰው ተቆራርጦ መቀመጥ አይደለም። ሥራው የማን እንደሆነ አስቀድሞ ከታወቀ፣ ባሕር ማዶ ማን ያከፋፍለው የሚለው ተራ የንግድ ጉዳይ ነው።

በ4ኛው ላይ ጠያቂው ተመልሶ እርማቱን ተቀበለ። ከዚያ ሁላችንም ልንጠይቀው የሚገባውን ጠየቀ። የመጀመሪያው ገንዘብ ከየት መጣ?

5ኛው መልስ ይህን ይመልሳል፤ በጣምም ጥሩ አድርጎ። ጸሐፊዋ ሆላንድ ያደገች ናት። በዚያ ዘመን አምስተርዳም ውስጥ ባለቤቶቻቸው ዘግተዋቸው የተቀመጡ ቤቶች ነበሩ፤ ወጣቱ ደግሞ መጠለያ አጥቷል። ባዶ ቤት ውስጥ የገባ ሰው በዋዛ አይባረርም ነበር። ገብተህ እንደምትኖርበት ለማሳየት ሦስት ነገር ታስገባለህ፦ አልጋ፣ ጠረጴዛና ወንበር። ፖሊስ ሲመጣ የሚያየው እነዚህን ነው። ሚያዝያ 30 ቀን 1980 ንግሥት ቤአትሪክስ ዘውድ ስትጭን እነዚህ ወጣቶች ቤት በሌለበት ዘውድ የለም ብለው አደባባይ ወጡ፤ ከተማዋም ታመሰች። የልምምድ ክፍል፣ የማተሚያ ቦታ፣ የኮንሰርት አዳራሽ፣ ርካሽ ምግብ ቤት፣ ሁሉም በእነዚያው ቤቶች ውስጥ ነበር። በዚያ ላይ የሥራ አጥ ድጎማ አለ። ስለዚህ ከአንድ ሸክላ ሽያጭ የተገኘው ገንዘብ ለኪራይ አይሄድም፤ ለቀጣዩ ሸክላ ይሄዳል። ይህ መንገድ በ2010 ባዶ ቤት መያዝ በሕግ ሲከለከል ተዘግቷል።

ከ6 እስከ 8 ያሉትን በአጭሩ ልለፋቸው። አንዱ የሰው ቤት ሰብሮ መግባትን እንደ አርአያ ማቅረብ ነውር ነው አለ። ሌላው የዘመኑን ሁኔታ እያስረዳ ተከላከለ። ሦስተኛው ወደ ሙዚቃው እንመለስ ብሎ ለመነ። የሰማው የለም።

ደግነቱ 9ኛው ላይ ሸክላ ሰብሳቢ ሰው መጣ። ሁለት ነገር ከመደርደሪያው አውርዶ እያገላበጠ ይገልጻል። አንደኛው በ1983 የወጣ ነው፤ አራት ትንንሽ ሸክላ በአንድ ሣጥን። ጉዳዩ በዎርመር ስለነበረው የፋን ኼልደር ወረቀት ፋብሪካና ስለ ሠራተኞቹ ነው። ሁለተኛው በ1986 የወጣው የስፔን አብዮት መታሰቢያ ነው። ሁለት ትንንሽ ሸክላ አለው፤ ከእነሱ ጋር 144 ገጽ የፎቶግራፍ መጽሐፍ። ሰብሳቢው ገጾቹን ሲገልጽ እጁ ላይ ያለ ያህል ይሰማችኋል። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ጠመንጃ ያነገቡ ሴቶች፣ በሠራተኞች እጅ የገቡ ትራሞች፣ በግድግዳ ላይ የተለጠፉ ወረቀቶች። አራት ዘፈን ለመሸጥ መጽሐፍ ማሳተም! የትኛው ሙዚቃ ቤት፣ የትኛው ሒሳብ ሠራተኛ ነው ይህን የሚፈርም? በ10ኛው መልስ ሌላ ሰው ቀጠለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በየሁለት ወሩ አንድ፣ በድምሩ ስድስት ትንንሽ ሸክላ አውጥተዋል። አንዱን ከኩርድ ሙዚቀኛ ጋር ሠሩት። ከአሜሪካዊው ቼሊስት ከቶም ኮራ ጋርም ሁለት አልበም አላቸው። እኔ እነዚህን ሁለት መልሶች ደጋግሜ አነበብኳቸው። የራስ አሳታሚ ሲባል ብዙ ሰው ትርፍን ብቻ ያስባል። እዚህ ላይ የሚታየው ሌላ ነው። ማንም የማያዝዘውን ነገር ለመሥራት ፈቃድ የሚጠየቅ ሰው አለመኖሩ ነው።

11ኛው መላሽ ከዋሽንግተን ነው። በ80ዎቹ መጨረሻ አዳምስ ሞርጋን አካባቢ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራ ነበር። የፉጋዚ ኮንሰርት ማስታወቂያ ምሰሶ ላይ ያያል፤ መግቢያው 5 ዶላር። ለምን እንዲህ ረከሰ ብሎ ጠይቆ ነው የፉጋዚን አሳታሚ ዲስኮርድን ያወቀው። ታሪኩ ደስ ይላል። ቲን አይድልስ የሚባሉ ልጆች በ1980 ባንዳቸው ሲፈርስ ያጠራቀሟትን ጥቂት መቶ ዶላር አልተካፈሉም። ሸክላ አሳተሙባት። ከባንዱ አባላት ኢያን ማካይና ጄፍ ኔልሰን የሽፋን ወረቀቱን በእጃቸው እየቆረጡ፣ እያጠፉ፣ በሙጫ እያጣበቁ አዘጋጁ። እዚያ ቤት የጽሑፍ ውል የለም። ወጪው ከተነሳ በኋላ ትርፉን ከባንዱ ጋር ይካፈላሉ። ፉጋዚም ኖሮ ኖሮ ከዚያው ቤት አልወጣም።

ከዚያ ክሩ መንገድ ሳተ። 12ኛው መላሽ ዋሽንግተን ሲባል የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ትዝ አሉት። በዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዱ እንደነበር፣ በ1985 የቀዱት ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም እንዳወቃቸው ጻፈ። በእረፍት ሰዓታቸው የመኪናቸውን የኋላ የዕቃ ቦታ ከፍተው ኪቦርድ ያወጡ እንደነበርም አነሳ። ሌላው ደግሞ ስለ ሂልተን ምሽቶች ጀመረ። የ14ኛው መልስ ጸሐፊ ግን ይህን ወሬ አንስቶ ወደ ዋናው ጉዳይ መለሰው። በኢትዮጵያ ባንድ ማለት ድሮ የመሥሪያ ቤት ነበር። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የማዘጋጃ ቤት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር። ጋሽ ጌታቸው ራሳቸው በ1949 ማዘጋጃ ቤት ገብተው፣ ቴአትር ቤት ሠርተው፣ በ1965 ፖሊስ ኦርኬስትራ ነው የዘለቁት። መሣሪያው የመንግሥት ነው። ወይም የክለቡ ባለቤት ንብረት ነው። ከሥራ ስትወጣ ሳክስፎኑን አስረክበህ ነው የምትወጣው። ዋልያስን የተለየ ያደረገው መሣሪያቸው የራሳቸው መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ እዚህ ላይ እጄን አውጥቼ ላጨብጭብለት ብዬ ነበር። አሳታሚ ከመክፈት በፊት ጊታሩና አምፕሊፋየሩ የማን ነው የሚለው ይቀድማል።

15ኛው መልስ ጋሽ አምሃ እሸቴን አነሳ። በ1969 ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ እያሉ ሸክላ ማሳተም ጀመሩ። ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሡ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ የተሰጠ ነበር። እሳቸው ደፍረው የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ አገር አሳትመው አስመጡ። አገር እስኪለቁ፣ እስከ 1975፣ ከመቶ በላይ ሸክላ አወጡ። ታዲያ መላሹ የራሳችን ዲስኮርድ ይሄ ነው አለ።

16ኛው መላሽ ይህን ሲያነብ ደሙ ፈላ። አምሃ ሙዚቃ የሚወዱ ነጋዴ እንጂ ባንድ አልነበሩም፤ ሁለቱን ማምታታት ጠያቂውን ማሳሳት ነው አለ። 17ኛው ደግሞ የሞተ ሰው አትንካ ብሎ መለሰለት። ከዚያ ስድብ ቀረሽ ነገር ተወራወሩ። 16ኛው ልክ ነው። የዘፋኙና የአሳታሚው ጥቅም ሁልጊዜ አንድ አይሆንም፤ አሳታሚው ምን ያህል ቅን ቢሆን። ነገር ግን ያን ብቸኛ መብት የሰበረ ሰው ባይኖር ኖሮ ከዚያ በኋላ ማንም የግል አሳታሚ አይነሳም ነበር። የአምሃን ውለታ ለማክበር ባንድ ማድረግ አያስፈልግም።

18ኛውን የጻፉት በካሴት ዘመን ቤዝ ጊታር ይጫወቱ የነበሩ አባት ናቸው። ስማቸውን አልጻፉም፤ ሙዚቃ ቤቱንም አልጠሩም። አሠራሩ እንዲህ ነበር ይላሉ። ሙዚቃ ቤቱ ለዘፋኙ አንድ ጊዜ ይከፍላል። ባንዱም ለአንድ ካሴት ቀረጻ አንድ ጊዜ ይከፈለዋል። ከዚያ በኋላ ካሴቱ ሺህም ይሸጥ መቶ ሺህ፣ የሚመጣ ነገር የለም። እሳቸው የተጫወቱበት ካሴት በየአውቶቡሱ፣ በየሻይ ቤቱ ሲዘፈን ኖሯል። ልጃቸው ሠርግ ላይ ሳይቀር ተከፍቷል። ሁለተኛ ሳንቲም አላዩም። በማንም ላይ ቂም እንደሌላቸው ጻፉ። የፈረሙትን ወረቀት ግን ቅጂውን እንኳን አልሰጧቸውም። ከዚህ መልስ በኋላ ለጥቂት ሰዓት የጻፈ ሰው አልነበረም።

ዝምታውን የሰበረው 19ኛው ነው፤ የክሩ ስለታሙ መልስም እሱ ነው። ፈረንጆቹም ያው ናቸው አለ። የኛን ሽለላና ፉከራ በስማቸው አሳትመው እየሸጡ፣ እናንተ የነፃነት ምሳሌ ታደርጓቸዋላችሁ። ጌታቸው ምን አገኙ?

የዚህን ሰው ጥርጣሬ አልንቀውም። ብዙ ነገር ተወስዶብናል። 20ኛው መላሽ ግን ነገሩን በቅደም ተከተል አስቀመጠለት። ቴሪ በ90ዎቹ አፍሪካን ሲዞር ኢትዮጵያ ደርሶ ካሴት መሰብሰብ ጀመረ። ባንዱ በ2002 አዲስ አበባ መጥቶ ተጫወተ። በ2004 አምስተርዳም ላይ 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር ጋሽ ጌታቸውን ጋበዘ። ከዚያ በኋላ አብረን ሸክላ እንሥራ ያሉት እሳቸው ናቸው። ዜማዎቹን የመረጡት እሳቸው፤ ባንዱ የሳቸው አጃቢ ሆነ። ቴሪና ጓደኞቹ በፓንክ ጊታር የሽለላውን ምት ሲከተሉ፣ ክላርኔትና ትሮምቦን ጨምረው፣ በ2006 ሞዓ አንበሳ ወጣ። ሽፋኑ ላይ የሚቀድመው የጌታቸው መኩሪያ ስም ነው። ሁለተኛውን፣ የ2012ቱን የአንበሳው ትዝታን፣ የጠየቁትም ራሳቸው ናቸው። 21ኛው ላይ አንዲት የኒውዮርክ ነዋሪ በነሐሴ 2008 ሊንከን ሴንተር ግቢ ውስጥ ያየችውን ጻፈች። ማሕሙድና አለማየሁም በነበሩበት ምሽት፣ ጋሽ ጌታቸው የአንበሳ ጎፈር ደፍተው ወጡ። ከኋላቸው ያሉት ፈረንጆች ዓይናቸውን ከሳቸው ላይ አይነቅሉም። ሳክስፎኑ ሲፎክር ይከተላሉ፣ ሲያርፍ ያርፋሉ። አጠገቧ የነበሩ የኛ ሰዎች እያለቀሱ ይሸልሉ ነበር።

19ኛው አልረካም፤ በ22 ተመልሶ ስሜት ደረሰኝ አይሆንም አለ። እኔም እዚህ ላይ ገብቼ የጻፍኩት አለ። 23ኛው መልስ የእኔ ነው። ትልቅ ኩባንያ ቢሆን ኖሮ የ70 ዓመት ሳክስፎኒስት ከፓንክ ባንድ ጋር ይቀዳ የሚል ሐሳብ ስብሰባ ላይ ይሞት ነበር። እዚህ ግን ጠያቂውና ወሳኙ አንድ ልምምድ ክፍል ውስጥ ነበሩ። ሸክላው የወጣው ለዚያ ነው። ይህን ስል ደረሰኝ አይጠየቅ ማለቴ አይደለም። ከማንም አሳታሚ፣ ከወዳጅም ቢሆን፣ ሊጠየቅ ይገባል።

24ኛው መላሽ ከሮተርዳም ነው፤ አንድ ያልተነገረ ነገር አብራራ። ኤክስ ሬከርድስ የባንዱ ነው። ሞዓ አንበሳን ያወጣው ቴርፕ ደግሞ የቴሪ ነው። ቴርፕ በ2004 የኤርትራዊቷን የፀሐይቱ በራኺን ሰላም የተባለ ድርብ ሲዲ አሳትሟል። ፀሐይቱ በስደት ሮተርዳም ይኖሩ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ የጂሚ መሐመድን ድምፅ፣ የዘርፉ ደምሴን በገና፣ የመሰለ አስማማውን ክራር ከአውሮፓ ሙዚቀኞች ጋር አውጥቷል። ለመንፈሳዊ መዝሙር የሚደረደር በገና በአንድ ፓንክ ጊታሪስት ቤት መታተሙ ለሮተርዳሙ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ለእኔም እንዲሁ።

25ኛው ጥያቄ ነበር፤ ዘፋኙ ቢወጣስ? 26ኛው መለሰ። ሶክ በ2009 ከሠላሳ ዓመት በኋላ ወጥቷል። አርኖልድ ደ ቡር ገባ፤ እሱም ማኩም ሬከርድስ የሚባል የራሱ ትንሽ አሳታሚ ያለው ሰው ነው። ባንዱ አልፈረሰም፤ በ2025 እንኳን አዲስ አልበም አውጥቷል። 27ኛው ተስፋ ቆራጭ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የልምምድ ክፍል ኪራይ፣ የመብራት መጥፋት፣ የባልደረባ ሁሉ ሌላ ሥራ መያዝ እያለ፣ የሆላንድን ተረት ተዉን ይላል። ግማሹ እውነት ነው፤ 5ኛው መልስ ላይ የተጻፈው የቤት ነገር እኛ ጋ የለም። 28ኛው በ2004 የወጣውን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410ን ጠቅሶ፣ ባንድ በሕግ ፊት የሥራው ባለቤት ሊሆን እንደሚችል አስረዳ። ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ የስልክ መተግበሪያ የጀመሩትም ሙዚቀኛው ራሱ ይሽጥ ብለው እንደነበር አስታወሰ።

በ29 ጠያቂው ተመልሷል። ሁሉንም አንብቧል። ልምምድ ክፍላቸው ውስጥ በቀጥታ የቀዷቸው ዘፈኖች አሉ። እነሱን በፍላሽና በትንሽ ብዛት በሲዲ አባዝተው በኮንሰርታቸው በር ላይ ሊሸጡ ነው። ገንዘቡን የምትይዘው ኪቦርድ ተጫዋቿ ናት። ወጪው ከተነሳ በኋላ እኩል ይካፈላሉ፤ አንድ ድርሻ ደግሞ ለባንዱ ይቀራል፣ ለቀጣዩ ቀረጻ።

30ኛውን የጻፉት ያው የካሴት ዘመኑ ባለ ቤዝ አባት ናቸው። ልጄ፣ ቀደም ባለው ጽሑፍህ ድራም ተጫዋችህ አምና እንደወጣ ነግረኸናል አሉት። በእነዚህ ቀረጻዎች ላይ ያለው እሱ ከሆነ ድርሻው ስንት ነው? እሱንስ ጠይቃችሁታል? ጠያቂው እስካሁን አልመለሰም።